ኤል ሳት፣ ስኮላርሽፕ እና የአሜሪካ የሕግ ትምህርት፦ መቼ ይገባበታል? መቼስ ይቀራል?

መግቢያ

በአገራችን ሕግ መማር የሚፈልግ ተማሪ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ይገባና አምስት ዓመት ተምሮ በኤል ኤል ቢ ይመረቃል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ለጥብቅና ሙያ የሚያበቃው መደበኛ ትምህርት የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ተማሪው በፈለገው የትምህርት ዘርፍ፣ በፖለቲካ ሳይንስም ይሁን በሥነ ጽሑፍ ወይም በምሕንድስና፣ መጀመሪያ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ጄ ዲ የተባለ የሕግ ዲግሪ ይማራል።

ይህ አሠራር እኛንም የሚመለከትበት ምክንያት አለ። በዲቪ፣ በቤተሰብ ጥሪ ወይም በሌላ መንገድ አሜሪካ የሚገቡ፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እዚህ የያዙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እዚያው ተወልደው ወይም አድገው ኮሌጅ የጨረሱ የዘመድ ልጆችም አሉ። ከእነዚህ መካከል የሕግ ትምህርት የሚያስቡ ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ «በፈተናው ይህን ያህል አመጣሁ፤ ትምህርት ቤቱ ይህን ያህል ስኮላርሽፕ ሰጠኝ። ታዲያ ልግባ ወይስ ልተው?»

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው እንዴት እንደሚመዘን ማሳየት ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም ባጭሩ ይህ ነው፦ የፈተናው ውጤት በዋናነት የሚነግረን ጥሩ ጠበቃ መሆን አለመሆናችንን ሳይሆን ትምህርቱን በስንት ዋጋ እንደምንገዛው ነው። ስለዚህ ውሳኔው «ተቀብለውኛል ወይ?» በሚለው ላይ ሳይሆን «ዋጋው ከሚያስገኘው ሥራ ጋር ይመጣጠናል ወይ?» በሚለው ላይ መቆም አለበት። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ፈተናው ምንድን ነው?

ኤል ሳት በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1948 ሲሆን ዛሬም የሚያዘጋጀው ኤል ሳክ በመባል የሚታወቀው የሕግ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ጉባኤ ነው። ውጤቱ ከ120 ይጀምርና 180 ላይ ያበቃል። መሐል ላይ ያለው ተፈታኝ ከ150 ትንሽ ከፍ ያለ ውጤት ያመጣል።

ብዙ ሰው ፈተናው ስለ ሕግ የሚጠይቅ ይመስለዋል። አይደለም፤ አንድም የሕግ አንቀጽ አይጠየቅበትም። የሚለካው አንብቦ የመረዳትና የሰውን ክርክር የመመርመር ችሎታ ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ «ሎጂክ ጌምስ» ይባል የነበረው የእንቆቅልሽ ክፍል ቀርቷል። አሁን የሚታሰቡት ሁለት የክርክር ምርመራ ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። በዚያ ላይ ለሙከራ የሚሰጥ፣ የማይታሰብ አንድ ክፍል ይጨመራል። እያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ነው።

የክርክር ምርመራ ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ። «ባለፈው ዓመት በአንድ መንገድ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ ተተከለ። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው አደጋ ቀነሰ። ስለዚህ አደጋውን የቀነሰው ካሜራው ነው።» ጥያቄው «ከሚከተሉት ውስጥ ይህን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው?» ይሆናል። መልሱም «ካሜራው በተተከለበት ወር ከባድ መኪኖች በዚያ መንገድ እንዳያልፉ ተከልክለው ነበር» የሚለው ነው እንበል። አያችሁ? ስለ ትራፊክ ሕግ ማወቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከድምዳሜው በስተጀርባ የተደበቀውን ግምት ፈልጎ ማግኘት ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚሻሻል ነገር ነው።

ለእኛ አስቸጋሪ የሚሆነው ሰዓቱ ነው። እንግሊዝኛን ሁለተኛ ቋንቋው ያደረገ ሰው ጥያቄውን ሊመልሰው እየቻለ ጊዜ ያልቅበታል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈትኖ ያመጣው ውጤት የመጨረሻ ችሎታው ነው ማለት አይደለም። ይህን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ፈተናውን ደጋግሞ መውሰድ ይቻላል። በዕድሜ ልክ እስከ ሰባት ጊዜ ይፈቀዳል። ትምህርት ቤቶቹም ከ2006 ጀምሮ ሪፖርት የሚያደርጉት የተማሪውን ከፍተኛ ውጤት እንጂ አማካዩን ስላልሆነ እንደገና መፈተን እንደ ድሮው ብዙ አይጎዳም።

ከኤል ሳት ሌላ ጂ አር ኢም መንገድ ሆኗል። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በ2016 በጂ አር ኢ ተማሪ መቀበል ጀመረ። በ2021 ደግሞ ትምህርት ቤቶቹን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አካል ፈተናውን ለሁሉም ፈቀደ። ሆኖም ዛሬም አብዛኛው አመልካች የሚይዘው ኤል ሳትን ነው፤ ስኮላርሽፕም በብዛት የሚሰላው በእሱ ነው።

2. ውጤቱ ለምን ወደ ገንዘብ ይለወጣል?

በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የታወቁት የሕግ ትምህርት ቤቶች ቁጥራቸው ወደ 200 ይጠጋል። እነዚህ ሁሉ በየዓመቱ ያስገቧቸውን ተማሪዎች የኤል ሳትና የኮሌጅ ነጥብ በይፋ ያወጣሉ። ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ፦ ከታች ሩብ ላይ ያለው፣ መሐል ላይ ያለው፣ ከላይ ሩብ ላይ ያለው። ከሦስቱ በጣም የሚፈለገው የመሐሉ፣ ማለትም «ሚዲያን» የሚባለው ነው። ምክንያቱም ትምህርት ቤቶችን በደረጃ የሚያወጡ መጽሔቶች ለዓመታት ይህን ቁጥር ሲቆጥሩ ኖረዋል። ከእነሱ ዋነኛው የሆነው ዩ ኤስ ኒውስ በ2023 የፈተናውንና የኮሌጅ ነጥቡን ክብደት ቢቀንስም ፉክክሩ አልቀረም።

እንግዲህ ነገሩን ከትምህርት ቤቱ ወገን ሆናችሁ እዩት። ሚዲያኑ 155 የሆነ ትምህርት ቤት 160 ያመጣ ተማሪ ቢመጣለት ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋለታል። ስለዚህ ተማሪውን ለማግኘት ገንዘብ ይከፍላል፤ ይህ ክፍያ ነው ስኮላርሽፕ የሚባለው። 151 ያመጣውን ግን ቢቀበለውም ብዙ ጊዜ ቅናሽ አያደርግለትም። ሁለቱ ተማሪዎች አንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ አንድ መምህር ያስተምራቸዋል፤ ዲግሪያቸውም አንድ ነው። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ልክ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ በግማሽ ዋጋ፣ ሌላው በሙሉ ዋጋ ትኬት እንደገዙ መንገደኞች ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር አንድ ነው። «155 ጥሩ ውጤት ነው ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ሚዲያኑ 150 በሆነበት ቦታ ሙሉ ክፍያ ሊያስገኝ ይችላል። 158 በሆነበት ቦታ ያለ ቅናሽ ሊያስገባ ይችላል። 170 በሆነበት ደግሞ በር ላይ ያስቀራል። ውጤት ትርጉም የሚኖረው ከትምህርት ቤቱ ቁጥር ጋር ሲተያይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ዲግሪውን ኢትዮጵያ ውስጥ ለሠራ ሰው ልዩ ነገር አለ። ኤል ሳክ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተገኘ ዲግሪን ወደ አሜሪካ ነጥብ አይለውጠውም። ትራንስክሪፕቱን መርምሮ ከአማካይ በላይ ነው፣ አማካይ ነው የሚል ደረጃ ብቻ ይሰጠዋል። ስለዚህ እዚህ ያመጣነው 3.7 በትምህርት ቤቱ ሚዲያን ውስጥ አይገባም ማለት ነው፤ አይጨምርላቸውም፣ አይቀንስባቸውምም። የሚቀረው ቁጥር ኤል ሳት ብቻ ነው። ጥሩ ነጥብ ላለው ሰው ይህ ያስቆጫል። ነጥቡ ዝቅ ላለ ሰው ግን ዕድል ነው። ለሁለቱም ትርጉሙ አንድ ነው፦ በኤል ሳት ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ነጥብ ለእኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ይመነዘራል።

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሃርቫርድ፣ ዬልና ስታንፎርድ በውጤት ስኮላርሽፕ አይሰጡም፤ የሚሰጡት የተማሪውን የገንዘብ ችግር አይተው ነው። ለምሳሌ ዬል በ2022 ከድህነት ወለል በታች ካለ ቤተሰብ ለሚመጡ ተማሪዎች የትምህርቱን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ወስኗል። ስለዚህ «እዚያማ የሀብታም ልጅ ነው የሚገባው» ብሎ ሳይጠይቁ መቅረት ጥሩ አይደለም።

3. ስኮላርሽፑን እንደ ውል ማንበብ

የስኮላርሽፕ ደብዳቤ ሲመጣ ቤት ውስጥ ደስታ ይሆናል፤ ዘመድ ይደወልለታል። ደብዳቤው ግን ውል ነው፤ ውል ደግሞ ይነበባል። ቢያንስ አራት ነገሮች መታየት አለባቸው።

ሀ) ቅድመ ሁኔታ አለው ወይ? አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ስኮላርሽፑ ለሁለተኛው ዓመት እንዲቀጥል ተማሪው የተወሰነ ነጥብ፣ ለምሳሌ 3.0፣ እንዲያመጣ ይጠይቃሉ። «3.0 ምን አላት? ኮሌጅ 3.6 አምጥቼ የለም እንዴ!» ሊባል ይችላል። ነገር ግን የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ውጤት የሚሰጠው በከርቭ ነው። ከርቭ ምን እንደሆነ ለእኛ ክፍል ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ለምሳሌ 100 ተማሪ ካለበት ክፍል ለ60ው «ከ3.0 ካልወረዳችሁ» ተብሎ ስኮላርሽፕ ተሰጠ እንበል። ከርቩ ደግሞ 3.0 እና ከዚያ በላይ የሚሰጠው ለ45 ሰው ብቻ ነው። ሁሉም ቀን ከሌሊት ቢያጠኑ እንኳ ቢያንስ 15ቱ ስኮላርሽፑን ያጣሉ። ይህ የስንፍና ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ይህ አሠራር በ2011 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ብዙ አነጋገረ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶቹ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ስኮላርሽፕ ለስንት ሰው እንደሰጡና ስንቱ እንደተነጠቀ በየዓመቱ እንዲያወጡ ተገደዋል። መረጃው «መደበኛ 509» በተባለው ሪፖርታቸው ላይ ይገኛል፤ ማንም ሰው በነፃ ሊያየው ይችላል። ደብዳቤው «በጥሩ የትምህርት አቋም ላይ እስካለህ ድረስ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ስጋቱ በጣም ይቀንሳል።

ለ) መጠኑ በዶላር ነው ወይስ በመቶኛ? የትምህርት ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል። «30,000 ዶላር በዓመት» የሚል ስኮላርሽፕ ክፍያው ሲጨምር ባለበት ይቆማል፤ ልዩነቱ ከተማሪው ኪስ ይወጣል። «የክፍያው 60 በመቶ» የሚል ከሆነ ግን አብሮ ያድጋል።

ሐ) የኑሮ ወጪን ይጨምራል ወይ? «ሙሉ ስኮላርሽፕ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የትምህርቱ ክፍያ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ መጽሐፍ ሁሉ በራስ ነው። እንደ ዋሽንግተን ወይም ኒው ዮርክ ባለ ከተማ ይህ ብቻውን በሦስት ዓመት ከባድ ዕዳ ይሆናል። ቤተሰብ ቤት እየኖሩ መማር የሚቻል ከሆነ ግን ያ ራሱ ትልቅ ስኮላርሽፕ ነው።

መ) መደራደር ይቻላል ወይ? አዎ፣ ይቻላል። እኛ አገር «ሰጥተውኝ ሳለ ጨምሩልኝ ማለት ነውር ነው» ብለን ልናስብ እንችላለን። እዚያ ግን የተለመደ ነው። ሌላ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት የላከውን ደብዳቤ አያይዞ፣ በትሕትና፣ «ትምህርት ቤታችሁን እመርጣለሁ፤ ክፍያው ግን ከብዶኛል» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ቢበዛ «አንችልም» ይሉ ይሆናል እንጂ ለድርድር ስለጻፉ ብቻ መቀመጫ ይነጠቃል ማለት አይደለም። ሆኖም «ከተቀበላችሁኝ ሌላ ቦታ አልሄድም» ብሎ ቀድሞ የፈረመ ሰው የሚደራደርበት ነገር አይኖረውም።

4. ዕዳው

ስኮላርሽፑ ያልሸፈነውን የሚሸፍነው ብድር ነው። ከ2006 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች «ግራድ ፕላስ» በተባለ ፕሮግራም የትምህርትና የኑሮ ወጪያቸውን እስኪሸፍን ድረስ ያበድር ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ይህን ለወጠው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስን አያገኙም። ለሕግና ለመሰል የሙያ ትምህርቶች መንግሥት የሚያበድረው በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ብቻ ሆኗል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው የግል ባንክ ደጅ መጥናት ሊኖርበት ነው። የግል አበዳሪ ደግሞ የብድር ታሪክ ያያል፤ አዲስ ለመጣ ሰው ዋስ ይጠይቃል።

ይህ ለስደተኛ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ዋሱ ማን ነው? አባት፣ አጎት፣ ወይም ታክሲ እየነዳ ብድሩን በሰዓቱ ሲከፍል የኖረ ታላቅ ወንድም ነው። ልጁ መክፈል ካቃተው ዕዳው የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ለመንግሥት ብድር የሚበቁት ደግሞ ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ እንዲሁም ስደተኝነታቸው ወይም ጥገኝነታቸው የጸደቀላቸውና ጥቂት ሌሎች ናቸው። በተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው አያገኝም።

አሁን በቁጥር እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው። «ሀ» የተባለው ትምህርት ቤት ስሙ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ክፍያው በዓመት 60,000 ዶላር፣ ኑሮው 25,000 ነው፤ ስኮላርሽፕ አልሰጠም። ሦስቱ ዓመት 255,000 ዶላር ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ መንግሥት 150,000 ያበድራል፤ 105,000 ከግል አበዳሪ ይመጣል። «ለ» የተባለው በስም ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ክፍያውን በሙሉ ሸፍኗል። የሚቀረው ኑሮ ብቻ ስለሆነ ሦስቱ ዓመት 75,000 ዶላር ይሆናል። በ8 በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት ይከፈል ብንል የ«ሀ» ተማሪ በወር ወደ 3,100 ዶላር፣ የ«ለ» ተማሪ ደግሞ ወደ 910 ዶላር ይከፍላሉ። ይህም በትምህርት ላይ ሳሉ የሚጠራቀመውን ወለድ ሳይጨምር ነው።

75,000 ዶላር ዓመታዊ ደመወዝ ያለው አዲስ ጠበቃ ከግብር በኋላ እጁ ላይ የሚገባው በወር 5,000 ዶላር አካባቢ ነው። የ«ለ» ተማሪ ኑሮውን ይኖራል፤ ለእናቱም ይልካል። የ«ሀ» ተማሪ ግን ዕዳውን ከፍሎ በሚተርፈው የቤት ኪራይ ከከፈለ በኋላ ምን ይልካል? «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይኼ ነው።

በእርግጥ መውጫዎች አሉ። በገቢ መጠን እየተሰላ የሚከፈል የመንግሥት ብድር አለ። በ2007 በወጣው ሕግ መሠረትም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ትርፋማ ባልሆነ ድርጅት ተቀጥሮ 120 ወርኃዊ ክፍያ የፈጸመ ሰው ቀሪው የመንግሥት ዕዳ ይሰረዝለታል። እነዚህ ግን ለግል ብድር አይሠሩም። የመንግሥት ብድር ጣሪያ ሲበጅለት የግል ብድር መብዛቱ ስለማይቀር መውጫው ጠቧል ማለት ነው።

5. ከተመረቁ በኋላስ?

የአሜሪካ ጠበቆች ደመወዝ ሲሣል አንድ ሳይሆን ሁለት ጉብታ ነው የሚሆነው። በአንዱ ጉብታ ላይ በትልልቅ ከተሞች ያሉ ግዙፍ የጥብቅና ድርጅቶች አሉ፤ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ብዙዎቹ ለጀማሪ በዓመት 225,000 ዶላር ይከፍላሉ። በሌላው ጉብታ ላይ አነስተኛ ቢሮዎች፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ከ60,000 እስከ 90,000 ዶላር ይከፍላሉ። መሐሉ ላይ ያለው ሰው ጥቂት ነው። «ጠበቃ በአማካይ ይህን ያህል ያገኛል» የሚለው ወሬ የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ አማካዩ ላይ የቆመ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ወደ ከፍተኛው ጉብታ የሚያስገቡት በአብዛኛው በደረጃ ከላይ ያሉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከሌሎቹ የሚገቡት የክፍሉ የመጀመሪያ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ «ስም ይከፍላል» የሚለው ክርክር እውነት የሚሆነው ከላይ ላሉት ትምህርት ቤቶች ነው። በመሐልና በታች ባሉት መካከል የስም ልዩነቱ ትንሽ፣ የዋጋ ልዩነቱ ግን ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ይህን በግምት ሳይሆን በመረጃ ማጣራት ይቻላል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ ከአሥር ወር በኋላ ምን ላይ እንዳሉ ያወጣል። መታየት ያለበት ጠቅላላ «ሥራ አግኝተዋል» የሚለው ሳይሆን የጠበቃነት ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ሙሉ ጊዜና ዘላቂ ሥራ ያገኙት ስንት ናቸው የሚለው መስመር ነው። ሌላው የፈቃድ ፈተናውን ያለፉት ቁጥር ነው። ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ለፈተናው ከተቀመጡት ተመራቂዎች ቢያንስ 75 በመቶው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያልፉ ያስገድዳል። ወደዚህ ወለል የተጠጋ ትምህርት ቤት ሲገጥም ቆም ማለት ይገባል።

ታሪኩም ያስተምራል። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ሥራ ሲጠፋ ብዙ ወጣት የሕግ ትምህርትን መሸሸጊያ አደረገው። በ2010 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ቁጥር ከ52,000 በላይ ደረሰ። ሲመረቁ ግን የጠበቁት ሥራ አልነበረም። ወሬው ሲሰማ ተማሪው ሸሸ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 37,000 ወረደ። የሻርሎት የሕግ ትምህርት ቤት በ2017 ተዘጋ። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የጎልደን ጌት ዩኒቨርሲቲም የጄ ዲ ፕሮግራሙን በ2024 አቆመ። የተዘጋ ትምህርት ቤት ዲግሪ ዋጋ ባያጣም የሚደውልለት የቀድሞ ተመራቂዎች ቢሮ የለውም።

የሥራ ገበያው እንደየክፍለ ግዛቱ መሆኑም አይዘንጋ። ፈቃዱ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ነው። መሐከለኛ ትምህርት ቤቶችም ተመራቂዎቻቸው የሚታወቁት በአካባቢያቸው ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን አካባቢ ብንወስድ፣ በ1869 የተመሠረተውና ተርጉድ ማርሻልን በ1933 ያስመረቀው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። የመንግሥት የሆነው የዲስትሪክት ኦቭ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ክፍያው ከግል ትምህርት ቤቶች በእጅጉ ዝቅ ያለ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። ወገኖቹን በቋንቋቸው ማገልገል የሚፈልግ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ በውድ ከሚማር እዚያው ቢማር ይሻለዋል።

6. ሌሎች መንገዶች

እዚህ አገር ሕግ ተምሮ የሄደ ሰው ጄ ዲ ከመጀመሪያው መጀመር ላያስፈልገው ይችላል። የአንድ ዓመት ኤል ኤል ኤም አለ፤ በአብዛኛው ኤል ሳት አይጠይቅም። የአዲስ አበባው የሕግ ትምህርት ቤት በ1963 ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል አሜሪካዊ ቢሆንም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተረቀቀው በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፤ ሥርዓቱም ወደ አውሮፓው ያዘነብላል። ስለዚህ የኒው ዮርክ ደንብ የዚህ ዓይነት ዲግሪ ያለው ሰው መስፈርቱን የሚያሟላ ኤል ኤል ኤም ጨምሮ ለፈቃድ ፈተናው እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለውን ሰው ያለ ተጨማሪ ዲግሪ ያስፈትናል።

«እኔ የምፈልገው በጥገኝነት ጉዳይ የሚንከራተቱ ወገኖቼን መርዳት ነው» ለሚል ሰውም ሌላ በር አለ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና በሰጣቸው ትርፋማ ያልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ፣ ጠበቃ ያልሆኑ ግን ሚኒስቴሩ የፈቀደላቸው ተወካዮች በኢሚግሬሽን ጉዳይ ደንበኛ መወከል ይችላሉ። ለዚህ የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። አንድ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቶ ሙያውን በቅርብ ያየ ሰው፣ በኋላ የሕግ ትምህርት ቤት ቢገባ እንኳ ለምን እንደሚገባ ያውቃል።

7. እንዴት እንወስን?

ከላይ የተባለውን ወደ ተግባር ስናመጣው ሦስት ዓይነት ሁኔታ እናገኛለን።

አንደኛው፣ ውጤቱ ከትምህርት ቤቱ ሚዲያን በላይ የሆነ፣ ቅድመ ሁኔታ የሌለበት ትልቅ ስኮላርሽፕ ያገኘ፣ ትምህርት ቤቱም መኖር በሚፈልግበት አካባቢ ተመራቂዎቹን በሥራ የሚያስይዝ ነው። ይህ ሰው ሙያውን ከፈለገው ይግባ። ሌላ ቦታ ያለውን ትንሽ ከፍ ያለ ስም እያየ አይቃትት።

ሁለተኛው፣ ውጤቱ ሚዲያኑ አካባቢ የሆነ፣ ግማሽ ስኮላርሽፕ ከነቅድመ ሁኔታው ያገኘ ነው። ይህ ሰው መጀመሪያ ይደራደር፤ ቅድመ ሁኔታው እንዲነሣለት ይጠይቅ። እምቢ ካሉት ስኮላርሽፑን ቢያጣ የሚኖረውን ዕዳ ያስላና ያንን መሸከም የሚችል ከሆነ ብቻ ይግባ። ካልሆነ እንደገና ይፈተን። አንድ ዓመት መቆየት የአንድ ዓመት ደመወዝ ያሳጣል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን አምስት ነጥብ መጨመር በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ አሥር ሺሕ ዶላር ሊያድን ይችላል። በዚህ ዋጋ የሚከፈል የጥናት ሰዓት ሌላ የት ይገኛል? የመለማመጃ ፈተናዎችም በኤል ሳክ በኩል በነፃ ይገኛሉ።

ሦስተኛው፣ ውጤቱ ዝቅ ያለ፣ ተመራቂዎቹ ፈተናውን ለማለፍና ሥራ ለማግኘት የሚቸገሩበት ትምህርት ቤት ያለ ምንም ቅናሽ የተቀበለው ነው። ከባዱ ውሳኔ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደብዳቤው «እንኳን ደስ አለህ» ይላል። ለዚህ ሰው መልሱ «በዚህ ዋጋ አይሆንም» ነው። እንዲህ ማለት «ጠበቃ አትሆንም» ማለት አይደለም። የዘንድሮውን ዋጋ አልቀበልም ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የፈሰሰው ገንዘብ የአባትና የአጎት ሲሆን ለቀማውም ይረዝማል።

«ሕልም በገንዘብ አይለካም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። እውነት ነው፣ አይለካም። ዕዳ ግን ይለካል። ደግሞም ሕልሙ ድሆችን መርዳት ለሆነ ሰው ዝቅተኛ ዕዳ የሕልሙ ጠላት አይደለም፤ ሕልሙን የሚያኖርለት እሱ ነው። ድሃን በነፃ መከላከል የሚችለው በወር 910 የሚከፍለው ጠበቃ ነው። በወር 3,100 የሚከፍለው ልቡ ቢፈቅድም ኪሱ አይፈቅድለትም።

ማጠቃለያ

የኤል ሳት ውጤት የማሰብ ችሎታችን ፍርድ አይደለም፤ ስኮላርሽፕም ሽልማት ብቻ አይደለም። አንዱ የመደራደሪያ ጉልበት፣ ሌላው የዋጋ ቅናሽ ነው። ሁለቱንም በዚህ ዓይን ያየ ተማሪ አራት ቁጥሮችን አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ይችላል፦ የራሱን ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሚዲያን ጋር፤ ስኮላርሽፑ ተቀንሶ የሚቀረውን የሦስት ዓመት ዕዳ፤ የዕዳውን ወርኃዊ ክፍያ፤ እንዲሁም ከዚያው ትምህርት ቤት የሚመረቅ መሐከለኛ ተማሪ የሚያገኘውን ደመወዝ። አንደኛ የሚወጣውን ተማሪ ደመወዝ አይደለም የምላችሁ፤ የመሐከለኛውን ነው። በከርቭ ላይ ሁሉም አንደኛ ሊወጣ አይችልምና።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሒሳብ የሚያስኬድ ከሆነ ይግቡ፤ በርቱ እንላለን። የማያስኬድ ከሆነ ግን ፈተናው በሚቀጥለው ዓመትም አለ፣ ትምህርት ቤቶቹም ወዴትም አይሄዱም።